ስም እንደ ዱካ፦ ከኮሶ ዛፍ እስከ ኳርክ

ደሴ ገበያ ውስጥ የመድኃኒት ቅጠልና ሥር የሚሸጡ አንዲት እናት ፊት ቆሜ ነበር። በማዳበሪያ ከረጢት ላይ ከዘረጉት ጥንጁት፣ ጤና አዳምና የወይራ ፍልጥ መካከል አንድ የደረቀ የአበባ ዘለላ አየሁና «እናቴ፣ ይኼ ኮሶ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «አዎ የኔ ልጅ፣ ሴቴው ነው፤ ወንዴው ለመድኃኒት አይረባም» አሉኝና ዘለላውን አንስተው ቀላ ያለውን አበባ በአውራ ጣታቸው ፈልቀቅ አድርገው አሳዩኝ። እውነታቸውን ነው። የኮሶ ዛፍ ወንዴውና ሴቴው ለየብቻ የሚበቅል ሲሆን፣ የሆድ ትል ለማስወጣት ሲያገለግል የኖረውም የሴቴው ቀይ አበባ ነው።

ይኸው ዛፍ በሳይንስ መዝገብ «ሐጌኒያ አቢሲኒካ» ተብሎ ሰፍሯል። የፊተኛው ቃል በፕሩሲያዋ ኮኒግስበርግ ከተማ መድኃኒት ቀማሚና የኬሚስትሪ ሊቅ ለነበረው ለካርል ጎትፍሪድ ሐገን መታሰቢያ የተሰጠ ሲሆን፣ የኋለኛው «የሐበሻ» ማለት ነው። በአማርኛ ግን «ኮሶ» ትሉንም፣ ትሉን የሚያስወጣውን መድኃኒትም፣ መድኃኒቱ የሚገኝበትን ዛፍም ይጠራል። «ኮሶ ታየው» ስንል በሽታውን፣ «ኮሶ ጠጣ» ስንል ፈውሱን እንናገራለን። አንዱ ስም ተክሉን ከሕመሙ ጋር ያስተሳስራል፤ ሌላው ከአንድ የባሕር ማዶ ሊቅ ጋር። ሁለቱም በየፊናቸው አንድ ታሪክ ይዘዋል፤ ታሪኩን ማንበብ ግን ዘዴ ይጠይቃል።

በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ የዕፅዋትን ስም ታሪክ የሚያጠና ሰው፣ የሥነ ጽሑፍ ተመራማሪና ከአቶም የሚያንሱ ነገሮችን የሚያጠና የቅንጣት ፊዚክስ ሊቅ አንዱ የሌላውን በር ሳያንኳኳ ዕድሜውን ሊጨርስ ይችላል። ሥራቸውን ቀረብ ብሎ ለተመለከተው ግን ሦስቱም ከአንድ ችግር ጋር ይታገላሉ፤ የሚፈልጉት ነገር ከፊታቸው የለም፣ ያለው የተወው ዱካ ብቻ ነው። የሞተው ጸሐፊ ምን እንዳነበበ፣ ከሰከንድ ሽራፊ በታች ኖሮ የጠፋው ቅንጣት ምን እንደነበረ፣ ከሁለት መቶ ዓመታት በፊት አንድ መንገደኛ «ይህ ምን ይባላል?» ብሎ የጠየቀው ተክል የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ከዱካው ነው። ደሴ ውስጥ ለዓመታት ፊዚክስ ሳስተምር ተማሪዎቼን ለማስረዳት ከሁሉ የከበደኝም ይኸው ነበርና፣ እዚህ በተቻለኝ መጠን ላብራራው እሞክራለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከዕፅዋቱ ልጀምር። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በ1769 በምጽዋ በኩል ወደ አገራችን ገብቶ ሁለት ዓመት ያህል ከተቀመጠ በኋላ፣ ያየውንና የሰማውን በ1790 በአምስት ቅጾች አሳተመ። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ኮሶን በሥዕል አስደግፎ ገልጾ፣ ለእንግሊዛዊው የተፈጥሮ ሊቅ ለጆሴፍ ባንክስ ክብር «ባንኬሲያ አቢሲኒካ» ብሎ ሰየመው። ይሁን እንጂ ባንክስ ስሙ አስቀድሞ በ1782 «ባንክሲያ» ተብሎ ለአውስትራሊያ ተክሎች ተሰጥቶ ነበር። ሁለት የዕፅዋት ወገኖች ደግሞ አንድ ዓይነት ወይም ለማምታታት የሚቀራረብ ስም ሊይዙ አይችሉም። በ1791 ጀርመናዊው ግሜሊን «ሐጌኒያ» የሚለውን ስም አወጣ፤ ጸንቶ የቀረውም ይህ ነው። ብሩስ የሰጠው «አቢሲኒካ» የሚለው ሁለተኛው ቃል ግን እስከ ዛሬ ከዛፉ ጋር አለ።

ብሩስ የራሱን ስም የያዘ ተክልም አለው። በደጋው የሚበቅለው ዋጊኖስ በሳይንሳዊ ስሙ «ብሩሲያ አንቲዲሴንቴሪካ» ይባላል፤ የፊተኛው ቃል ብሩስን ሲያስታውስ የኋለኛው «ደም የቀላቀለ ተቅማጥን የሚከላከል» ማለት ነው። ስሙ የወጣው በ1779 ስለነበር ከብሩስ መጽሐፍ መታተም ይቀድማል። ብሩስ በመጽሐፉ ውስጥ የአገሩን ሰው አጠራር በጆሮው እንደመጣለት «ዉጊኑስ» በሚመስል አጻጻፍ አስፍሮታል። ለስም ታሪክ ተመራማሪ ይህ የተዛባ የሚመስል አጻጻፍ ትልቅ ሀብት ነው። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶም ዛሬ «ዋጊኖስ» ከምንለው ጋር ሲገጥም፣ ቃሉ አለመሞቱን ብቻ ሳይሆን ብሩስ የጠየቀው ተክል የትኛው እንደነበረም ይመሰክራል።

የሳይንሱ አሰያየም የቆመበትን መሠረት የጣለው ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ ነው። በ1753 ባሳተመው መጽሐፍ እያንዳንዱን ተክል በሁለት ቃላት ብቻ፣ ማለትም በወገኑና በዝርያው ስም መጥራትን አጸና። ዛሬም የዕፅዋት ስም ቆጠራ ከዚያ ዓመት ይጀምራል፤ ከሁለት ስሞች የትኛው ይጽና የሚል ክርክር ሲነሣም፣ በደንቡ መሠረት አስቀድሞ የታተመው ይጸናል። የዚህን ደንብ ኃይል ከጤፍ ታሪክ በተሻለ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም። በፍሎረንስ ይሠራ የነበረው አቲሊዮ ዙካኚ ስለዚህ እህል በ1775 አንድ ጽሑፍ አሳተመ፤ በርእሱም ላይ የአገሩ ሰዎች «ጤፍ» ብለው የሚጠሩት መሆኑን አመለከተና ቃሉን እንዳለ ለዝርያው ስም አደረገው። በ1781 ደግሞ ሌላ ሊቅ፣ ዣካን፣ ያንኑ እህል «አቢሲኒካ» አለው። «አቢሲኒካ» የሚለው ስም በመጻሕፍት ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት ከቆየ በኋላ በ1918 ትሮተር የተባለ ጣሊያናዊ ወደ ቀዳሚው ስም መለሰው። ስለዚህ ዛሬ የዓለም ተመራማሪ ሁሉ «ኤራግሮስቲስ ቴፍ» ብሎ ሲጽፍ የኛን ገበሬ ቃል ይጽፋል። የስድስት ዓመት ቀዳሚነት ባይኖር ኖሮ ቃሉ ከሳይንስ መዝገብ በወጣ ነበር።

ሁሉም ተክል እንደ ጤፍ አልታደለም። ኑግ በ1829 ካሲኒ በተባለ ፈረንሳዊ «ጊዞቲያ» ተብሏል፤ ጊዞ የፈረንሳይ የታሪክ ጸሐፊና የመንግሥት ሰው ነበር። በሐይቅና በከሚሴ ዙሪያ ኑግ አጭዶ የሚወቃ ገበሬ የእህሉ ስም ከፓሪስ ፖለቲካ ጋር መያያዙን ቢሰማ መገረሙ አይቀርም። ቡናም በ1753 በሊኔየስ እጅ «አረቢካ»፣ «የዐረብ» ተብሎ ቀርቷል። የዱር ቡና መገኛ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ መሆኑ ዛሬ የተረጋገጠ ቢሆንም፣ ደንቡ አንድን ስም ትርጉሙ ስላልገጠመ ብቻ መለወጥን አይፈቅድም። ይህ ብዙዎቻችንን የሚያስቆጣ ሆኖም ምክንያት ያለው ነገር ነው። ስም መጠሪያ እንጂ መግለጫ አይደለምና፣ ዕውቀት በተሻሻለ ቁጥር ስም ቢለወጥ የትናንቱን መጽሐፍ የዛሬው ተማሪ ሊያነበው ባልቻለ ነበር።

ለመሆኑ አንድ ስም የትኛው ተክል እንደሆነ በምን ይታወቃል? መልሱ በወረቀት ላይ ተለጥፎ የተቀመጠ፣ የተጠፈጠፈና የደረቀ ቅርንጫፍ ነው። አዲስ ስም የሚያወጣ ሰው አንድ ናሙና መርጦ «ስሙ ከዚህ ጋር የታሰረ ነው» ብሎ በታወቀ የደረቀ ዕፅዋት ቤት ማስቀመጥ አለበት። መግለጫው ቢያሻማም ወይም ሥዕሉ ባይመስልም፣ ናሙናው እስካለ ድረስ ማንም ተመራማሪ ተመልሶ ሄዶ ማየት ይችላል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ብሔራዊ የደረቀ ዕፅዋት ቤት ይህን ሥራ ይሠራል፤ የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፅዋት በስምንት ቅጾች የዘረዘረው ታላቅ ሥራም በ1980 ተጀምሮ በ2009 የተፈጸመው በእንዲህ ዓይነት ናሙናዎች ላይ ቆሞ ነው። የአገር ስም ብቻውን አይበቃም። ደሴ ላይ ወይራ የምንለው ዛፍ ከሚሴ ሲደርስ ኤጄርሳ ይሆናል፤ በሌላ ወገን ደግሞ አንድ ስም በሁለት ወረዳዎች ሁለት የተለያዩ ዕፅዋትን ሊጠራ ይችላል።

ይህን ስል የአገር ስም ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ በሺዎች የሚቆጠሩ የማሽላ ዓይነቶችን የመረመሩ የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1973 ያልጠበቁትን ነገር አገኙ። ማሽላ እንደሌሎች የብርዕ እህሎች ሁሉ፣ ሰውነታችን ራሱ ሊሠራው የማይችለው ላይሲን የተባለ የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል፤ ሁለት ዓይነቶች ብቻ ግን ከተለመደው እጅግ የላቀ ላይሲን ነበራቸው። ሁለቱም የመጡት ከወሎ ነበር። ፍሬያቸው ጨምደድ ያለ፣ ምርታቸውም ዝቅተኛ ስለሆነ በገበያ ሚዛን ቢታዩ የሚመረጡ አልነበሩም፤ ገበሬው ግን ከሌላው ማሽላ ጋር አደባልቆ እየዘራ እሸቱን ጠብሶ ለመብላት ይዟቸው ኖሯል። በአገራችን ጣፋጭ እሸት ላላቸው የማሽላ ዓይነቶች ከሚሰጡ ስሞች አንዱ «ወተት በጉንጬ» ነው። ላይሲን የሚለውን ቃል ያልሰማ ሰው ምላሱ የነገረውን በስም አስቀምጦ ለልጅ ልጅ ማስተላለፉን ሳስብ፣ የገበሬ ስም ለምን በጥንቃቄ መመዝገብ እንዳለበት ተጨማሪ ክርክር አያስፈልገኝም።

ወደ ሥነ ጽሑፍ ስንሻገር ጥያቄው መልኩን ይለውጣል። «ይህ ድርሰት ከዚያ ድርሰት ወሰደ» የሚል ሰው ምን ማስረጃ ሊያቀርብ ይገባዋል? መመሳሰል ብቻውን አይበቃም፤ ሁለት ገጣሚዎች ስለ ሞት ቢያዝኑ አንዱ ከሌላው ተምሯል ማለት አይደለም። እኔ ይህን ለተማሪዎቼ የማስረዳው በፈተና ነው። ሁለት ተማሪዎች ለአንድ ጥያቄ ትክክለኛውን መልስ ቢጽፉ ሁለቱም አጥንተው ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ማንም ሊያስበው የማይችል አንድ ዓይነት እንግዳ ስሕተት ቢጽፉ ግን መምህሩ ማን ከማን ጎን እንደተቀመጠ ያጣራል። የጽሑፍ ተመራማሪዎችም የብራና መጻሕፍትን ዘር ሲቆጥሩ የሚተማመኑት በጋራ ስሕተት ነው። ጸሐፊው ከአንድ ቃል ወደ ታች ወዳለው ተመሳሳይ ቃል ዘሎ አንድ መስመር ቢያስቀር፣ ከእርሱ የሚገለብጡ ሁሉ ያንን መስመር ያጣሉ፤ ጉድለቱም እንደ ቤተሰብ ምልክት ከትውልድ ወደ ትውልድ ይወርዳል።

የዚህ ዘዴ ድንቅ ምሳሌ በግእዝ መጻሕፍታችን መካከል አለ። በትውልዱ የመናዊ እንደነበር የሚነገርለትና የደብረ ሊባኖስ እጨጌ የሆነው ዕንባቆም በ1553 በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን «በረላም ወይዋስፍ»ን ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መለሰ። ታሪኩ ስለ አንድ የህንድ ንጉሥ ልጅ ነው። ልጁ መንግሥቱን ትቶ እንደሚመንን በትንቢት ስለተነገረ አባቱ ሕመምና ሞት በማያይበት ቤተ መንግሥት ዘግቶ ያሳድገዋል፤ ልጁ ግን አንድ ቀን ወጥቶ በሽተኛ፣ ዕውርና ሽማግሌ ያያል፤ በኋላም በረላም የተባለ ባሕታዊ አስተምሮት ይመንናል። የቡድሃን ታሪክ የሚያውቅ ሁሉ የዚህን ታሪክ አጥንት ወዲያው ይለየዋል። ሆኖም «ይመሳሰላል» የሚለውን ወደ «ከዚያ መጣ» ያሸጋገረው ስሙ ነው።

ቡድሃ ብርሃን ከማግኘቱ በፊት የሚጠራበት ማዕርግ «ቦዲሳትቫ» ነው። ታሪኩ ወደ ዐረብኛ ሲገባ ቃሉ «ቡዳሳፍ» ሆነ። በጆርጅያ ቋንቋ ግን ስሙ በ«ብ» ሳይሆን በ«ይ» ድምፅ ይጀምራል፦ «ዮዳሳፍ»። በግሪክ «ዮአሳፍ»፣ በላቲን «ዮሳፋት»፣ በግእዝም «ይዋስፍ» ነው። «ብ» እንዴት «ይ» ሆነ? ወሎ ውስጥ ቁርኣን ቤት ገብቶ በሉሕ ላይ የተማረ ሁሉ መልሱን በጣቱ ሊያሳይ ይችላል። በዐረብኛ «ባ» በቃል መጀመሪያ ሲጻፍ ከሥሩ አንድ ነጥብ ያለው ትንሽ ጥርስ ነው፤ «ያ» ደግሞ ያው ጥርስ ሆኖ ከሥሩ ሁለት ነጥብ አለው። አንድ ገልባጭ አንድ ነጥብ ጨመረ፣ ወይም አንዲት የቀለም ጠብታ እንደ ነጥብ ተነበበች፤ ቡዳሳፍም ዩዳሳፍ ሆነ። በጆርጅያ ወይም በግሪክ ፊደል ይህ ስሕተት ሊፈጠር አይችልም፤ በእነዚያ ፊደላት ሁለቱ ድምፆች አይቀራረቡምና። ስለዚህ ስሕተቱ የተሠራው በዐረብኛ ብራና ላይ መሆኑ፣ በ«ይ» የሚጀምረውን ስም የያዙት ሁሉም ከዚያ መስመር የወረዱ መሆናቸው ይረጋገጣል። በህንድና በዐረቡ ዓለም መካከል ድልድይ የነበረው የጥንት ፋርስኛው ጽሑፍ ጠፍቷል፤ መኖሩን የምናውቀው ከልጆቹ ነው።

ወሎ ለዚህ ዓይነቱ ጥናት የተመቸ ምድር ነው ብዬ አምናለሁ፤ የአገር ልጅነት አድልዎ ብቻ ግን አይደለም የሚያናግረኝ። በሐይቅ እስጢፋኖስ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል አለ፤ ከዚያው ሳይርቅ ደግሞ አማርኛን በዐረብኛ ፊደል የሚጽፍ የዐጀም ባህል አብቧል። መንዙማ የሚደርሱ ሼሆች ዐረብኛ የሌለውን የ«ቸ»ን ወይም የ«ጨ»ን ድምፅ ለመጻፍ በነባሩ ፊደል ላይ ነጥብና ምልክት እየጨመሩ ይጠቀማሉ። እንዲህ ባለ ጽሑፍ ውስጥ ነጥብ አንድን ቋንቋ ከሌላው የሚያገናኝ ማጠፊያ ነው። አንድ መንዙማ ከየትኛው የዐረብኛ ግጥም ሐሳብ እንደወሰደ፣ ከየትኛው የአገር ዜማ ቤት እንደመታ ማጥናት የሚፈልግ ሰው ሁለቱንም ትምህርት ቤት የሚያውቅ መሆን አለበት፤ ሁለቱም ደግሞ በአንድ ከተማ፣ አንዳንዴም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ይገኛሉ።

አሁን ወደ ቅንጣቶቹ እንምጣ። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ፊዚክስ ሊቃውንት ዱካ የሚያነቡበት አንድ ዕቃ ነበራቸው፤ ሊፈላ ጥቂት የቀረው ፈሳሽ ሃይድሮጅን የተሞላ ትልቅ ጋን ማለት ነው። የኤሌክትሪክ ቻርጅ ያለው ቅንጣት በፈሳሹ ውስጥ ሲያልፍ በመንገዱ ላይ ጥቃቅን አረፋዎች ይፈጥራል፤ ካሜራም ያንን የአረፋ መስመር ያነሣል። በዙሪያው ጠንካራ መግነጢስ ስላለ መስመሩ ይጎብጣል፤ ከጉብጠቱ አቅጣጫ ቻርጁ ይታወቃል፣ ከጉብጠቱ መጠንም የቅንጣቱ ግፊት ይሰላል። ቻርጅ የሌለው ቅንጣት ግን አረፋ አይተውም። በፎቶው ላይ አንድ መስመር ይቋረጥና፣ ከባዶ ቦታ በኋላ የ«ቪ» ቅርጽ ያላቸው ሁለት መስመሮች ድንገት ይጀምራሉ። ያ ባዶ ቦታ የሚነበበው የጠፋው የፋርስኛ ብራና በሚነበብበት መንገድ ነው፤ ከወለዳቸው ልጆች ወደ ኋላ በመቁጠር።

በ1961 አሜሪካዊው ማሪ ጌል-ማን፣ ለብቻውም እስራኤላዊው ዩቫል ኔማን፣ በዚያ ጊዜ ብዛታቸው ግራ ያጋባ የነበሩትን ቅንጣቶች በሒሳብ ሥርዐት መደቧቸው። ብዙዎቹ በስምንት በስምንት ስለተሰባሰቡ ጌል-ማን ሥርዐቱን ከቡድሃ ትምህርት በተዋሰ ስም «ባለ ስምንቱ መንገድ» አለው። ከምድቦቹ አንዱ አሥር አባላት ያሉት ሦስት ማዕዘን ሲሆን፣ ዘጠኙ ቦታ ሲሞላ አሥረኛው ባዶ ሆነ። ጌል-ማን በ1962 የጎደለው ቅንጣት ቻርጁም ክብደቱም ምን እንደሚሆን ተናገረ። በብሩክሄቨን ቤተ ሙከራ ወደ 100,000 የሚጠጉ ፎቶዎች ከተነሡ በኋላ በ1964 መጀመሪያ የተባለው ዱካ በአንዱ ላይ ተገኘ፤ ቅንጣቱም «ኦሜጋ ማይነስ» ይባላል።

በዚያው ዓመት ጌል-ማን እነዚህ ሁሉ ቅንጣቶች ከሌሎች ከሚያንሱ የተሠሩ ናቸው የሚል ሐሳብ አቀረበ። ጆርጅ ዝዋይግ የተባለ ወጣትም በጄኔቫ ሳለ በራሱ መንገድ እዚያው ደርሶ ነበር። ዝዋይግ በመጫወቻ ካርታ ስም «አስ» አላቸው፤ ጌል-ማን «ኳርክ» አላቸው፤ የጸናውም የጌል-ማን ነው። ሐሳቡ በአጭሩ ሲነገር ይህን ይመስላል፦ በአቶም እምብርት የሚገኘው ፕሮቶን ሦስት ኳርኮች አሉት፤ የሁለቱ ቻርጅ እያንዳንዳቸው ሲደመር 2/3፣ የሦስተኛው ሲቀነስ 1/3 ነው፤ ተደምረው አንድ ይሆናሉ። ኳርክ ለብቻው ተነጥሎ አይገኝም። ሆኖም ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በስታንፎርድ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም የቅንጣት ማፍጠኛ መሣሪያ የተተኮሱ ኤሌክትሮኖች ፕሮቶን ውስጥ ገብተው ከጠንካራ ነጥብ ጋር እንደተጋጩ ሁሉ በሰፊ ማዕዘን ተመለሱ። ለዚህ ሥራ በ1990 ፍሪድማን፣ ኬንዳልና ቴይለር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

«ኳርክ» የሚለው ቃል የመጣው ከየት ነው? አየርላንዳዊው ጄምስ ጆይስ በ1939 ባሳተመው «ፊኔጋንስ ዌክ» በተባለ እጅግ አስቸጋሪ ድርሰት ውስጥ ሦስት ኳርኮችን የሚጠራ የግጥም ስንኝ አለ። የሥነ ጽሑፍ ተጽዕኖ አጥኚ ይህን ሲያገኝ «ጆይስ በፊዚክስ ላይ ተጽዕኖ አሳደረ» ለማለት ይፈተናል። ጌል-ማን ራሱ የተወው ምስክርነት ግን ሌላ ነው፦ ድምፁ አስቀድሞ በአፉ ላይ ነበር፤ አጻጻፉን ያገኘው በኋላ መጽሐፉን ሲያገላብጥ ነው፤ ሦስት የሚለው ቁጥር ደግሞ ለሐሳቡ ገጠመለት። ስለዚህ የጆይስ ድርሻ ፊደሉ ነው፤ ሒሳቡ አይደለም። «ባለ ስምንቱ መንገድ»ም እንደዚሁ ነው። ስምንት የሚለው ቁጥር የመጣው ከሒሳቡ ሲሆን፣ የቡድሃ ትምህርት ያበደረው ስሙን ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ቡድሃዎችን ጎን ለጎን ማየት ይጠቅማል። በ«ይዋስፍ» ውስጥ ቡድሃ አለ፤ ሆኖም ስሙ ተሸፍኗል፣ ዕንባቆምም ሆነ አንባቢዎቹ አላወቁትም፤ ታሪኩ ግን በሥጋው ወርዷል። በ«ባለ ስምንቱ መንገድ» ስሙ በግልጽ ይታያል፤ ከትምህርቱ ግን ቅንጣት ታህል አልተወሰደም። ስም ሲመሳሰል ዝምድና አለ ብሎ የሚደመድም፣ ስም ሲለያይ ዝምድና የለም ብሎ የሚክድ ሰው ሁለቱንም ይስታል። «ይህ የአማርኛ ቃል ከዚያ የውጭ ቃል ጋር ይመሳሰላልና ከኛ ተወሰደ» እየተባለ በየመድረኩ የሚነገረውን ስሰማ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ቃሉ የተጓዘበት መንገድ፣ የተገለበጠበት ብራና፣ የጋራ ስሕተቱ አይጠየቅም።

ድንገተኛ መመሳሰልን ከእውነተኛ ዱካ በመለየት ከሦስቱ በጥብቅ የሚሠራው ፊዚክስ ነው። በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ድንበር ከመሬት በታች 27 ኪሎ ሜትር በሚዞረው ማፍጠኛ ላይ የሚሠሩ ሁለት ቡድኖች፣ ቅንጣቶች ክብደት የሚያገኙበትን መንገድ የሚያስረዳውን የሂግስን ቅንጣት ማግኘታቸውን ጁላይ 4 ቀን 2012 ባስታወቁ ጊዜ፣ በመስኩ ልማድ የሚጠየቀውን ደረጃ አሟልተው ነበር። የደረጃው ትርጉም «ቅንጣቱ ባይኖር ኖሮ፣ በዕድል ብቻ ይህን ያህል የጎላ ምልክት የሚታየው ከ3.5 ሚሊዮን ሙከራ በአንዱ ያህል ነው» ማለት ነው። ሁለቱ ቡድኖች በተለያዩ መሣሪያዎች መሥራታቸውም እንደ ሁለት የማይተዋወቁ ምስክሮች ይቆጠራል። ለብራና እንዲህ ያለ ቁጥር ማውጣት አይቻልም፤ አንድ የጋራ ስሕተት ግን ዕድል ሊሆን ሲችል ሃያ የጋራ ስሕተት ዕድል አይሆንም የሚለው አስተሳሰብ ያው ነው።

ቀዳሚነትን በተመለከተ ፊዚክስ ከሥነ ዕፅዋት የላላ ነው። በኅዳር 1974 ሁለት ቡድኖች አንድ ቅንጣት በአንድ ጊዜ አገኙ። የሳሙኤል ቲንግ ቡድን «ጄ» አለው፤ የበርተን ሪክተር ቡድን በግሪክ ፊደል «ፕሳይ» አለው። ዳኛ የሚሆን የ1753 መጽሐፍ ስላልነበረ ቅንጣቱ እስከ ዛሬ «ጄ/ፕሳይ» እየተባለ ሁለቱንም ስም ይዞ ቀርቷል፤ ሁለቱ መሪዎችም በ1976 የኖቤል ሽልማቱን ተካፈሉ። የዕፅዋት ሊቃውንት ቢሆኑ ኖሮ የትኛው በየትኛው ቀን ታተመ ብለው አንዱን ይጥሉ ነበር።

በወሎ የዕፅዋት ስም ለመሰብሰብ የሚነሣ ተማሪ ከሦስቱም መስኮች የሚወስደው ነገር አለ፤ የሥራው ክብደት ያለውም ከናሙናው ጎን በሚለጠፈው ትንሽ ወረቀት ላይ ነው። ከኮሶ ዛፍ አንድ ቅርንጫፍ ከነቅጠሉና ከነአበባው ይቆርጣል፤ በጋዜጣ መካከል ጠፍጥፎ እርጥበቱ እስኪወጣ ወረቀቱን በየቀኑ እየቀየረ ያደርቀዋል። በወረቀቱ ላይ የተገኘበትን ቀበሌ፣ ከባሕር ወለል ያለውን ከፍታ፣ ቀኑን፣ የአማርኛውን ስም «ኮሶ»፣ የኦሮምኛውን «ሄቶ» ይጽፋል። የነገረው ሰው ስሙን እንደጠራው እንጂ መዝገበ ቃላት እንደሚጽፈው አያርመውም፤ «ዉጊኑስ» ያተረፈልን አለመታረሙ ነውና። የሁለተኛ ሰው ምስክርነት የሚፈልገው ከመጀመሪያው ጋር ካልተማከረ፣ ከተቻለም ከሌላ ሰፈር ነው። «ሐጌኒያ አቢሲኒካ» የሚለው ስም ስለ ወንዴና ሴቴ አይናገርም፤ የትኛው አበባ መድኃኒት እንደሚሆንም አይገልጽም። ስለዚህ ከላቲኑ ስም በታች፣ የገበያዋ እናት በአውራ ጣታቸው ገልጠው ያሳዩኝን ይጨምራል፦ «ሴቴ፣ አበባው ቀይ»።